ጀርባውን ለሐይቁ የሰጠ ቤት

ከሰዓት በኋላ የሚነሳ ነፋስ ልቅ ቆርቆሮ ሲያንኳኳ በሰማሁ ቁጥር፣ የትም ልሁን የት፣ ሴቻ ሰፈር የነበረው ቤታችን ይመጣብኛል። ገደሉ አፋፍ ላይ የተሠራ የጭቃ ቤት ነበር፤ ከጀርባው ቁልቁል ጫካው፣ ከጫካው ወዲያ በግራ ቀላ ያለው አባያ፣ በቀኝ ሰማያዊው ጫሞ ተዘርግተው ይታያሉ። ዛሬ ሰው ከስንት አገር መጥቶ ፎቶ የሚነሳበት እይታ ነው። የኛ ቤት ታዲያ በዚያ በኩል አንዲት ቀዳዳ አልነበራትም፤ በሩም መስኮቱም ወደ መንገዱ ነበር። ሐይቁን ቁጭ ብሎ ለማየት ጓሮ ያለው ሽንት ቤት መግባት ያስፈልግ ነበር ብላችሁ ታምኑኛላችሁ?

ይህ የአባዬ ሥራ ነው። ከጎጃም ደጋ ተመድቦ የመጣ መምህር ነበር፤ እንደሱ ከደጋ የመጡት የሰፈሩ ሰዎች ሁሉ ወባ ከሐይቁ በነፋስ ትመጣለች ብለው የቤታቸውን ጀርባ ለውሃው ሰጥተው ሠርተዋል። አባዬ ክፍል ውስጥ ወባን የምታስተላልፈው ትንኝ ናት ብሎ ሲያስተምር ይውልና፣ ማታ ቤት ገብቶ «ትንኟስ በምን ትመጣለች? በነፋሱ አይደል እንዴ?» ይለን ነበር። መምህር ስለሆነ ማንም አይከራከረውም።

እማዬ ደግሞ ጣና ዳር ተወልዳ ያደገች ናት፤ ውሃ ሳታይ መዋል አይሆንላትም። በበጋ፣ ጥርና የካቲት ላይ ሙቀቱ ሲብስ፣ ልብስ ላስጣ ብላ ወደ ጓሮ ትሄድና እዚያው ትቀር ነበር፤ ስንፈልጋት እርጥቡን አንሶላ በክንዷ እንደያዘች ሐይቁን ስታይ እናገኛታለን። «መምህር፣ አንዲት መስኮት ብቻ ክፈትልኝ» ትለው ነበር፤ ከሠርጋቸው ጀምሮ መምህር ነው የምትለው። «ልጆቼን በመስኮት ለወባ ላቀብል? አላደርገውም!» ይላታል። እሷም አኩርፋ ሰንበት ብላ ትታረቀዋለች፤ በታረቁ ማግስት ያንኑ መስኮት ታነሳለች።

ሚያዝያ ላይ ዝናቡ ገብቶ ማንጎው ሲደርስ እኛ ልጆች ከዛፍ አንወርድም ነበር፤ አባዬ ግን የበልጉ ዝናብ ስጋት ይዞበት ስለሚመጣ፣ በጨርቅ የማይወትፈው ስንጥቅ አልነበረም። ቤቱ ታፍኖ፣ ላብ በላብ ሆነን እንተኛለን። እማዬ በጨለማ «ኧረ በፈጠራችሁ፣ ልንሞት ነው!» ስትል እኛ በሳቅ እንፈርሳለን፤ አባዬ የተኛ ይመስላል።

አንድ ክረምት አባዬ ለኮርስ አዲስ አበባ ሄደ። አውቶቡሱ ከመነሳቱ እማዬ ጎረቤታችንን አናጢውን ጋሼ ዳናን ጠራችው። «እትዬ፣ ኋላ መምህር ሲመጡ የሚጠይቁት እኔን ነው» አላት እየሳቀ። «እሱን ለኔ ተወው፤ አንተ ብቻ ክፈት» አለችው። ጭቃውን አራግፎ፣ እንጨቱን ቆርጦ፣ የሰፌድ ያህል ቀዳዳ ሲከፍት ብርሃኑ ሳሎኑ መሃል ወደቀ። አቤት ደስታዋ! እኛን ተራ በተራ አንስታ አሳየችን፣ ጎረቤት ጠርታ አሳየች፣ ምሳ መሥራቱንም ረሳችው። ጋሼ ዳናም ፍሬሙን ሠርቼ እመጣለሁ ብሎ ሄደ።

ቀዳዳው በተከፈተ በሦስተኛው ቀን፣ ፍሬሙ ሳይመጣ፣ ታናሽ ወንድሜን ማሙሽን ትኩሳት ያዘው፤ ጤና ጣቢያ ስትወስደው ወባ ነው አሏት። ወባ ሰው ውስጥ ገብታ እስክትታወቅ ከሳምንት በላይ እንደምትፈጅ፣ የዚያች ቀዳዳም ጥፋት እንዳልነበረ የገባኝ አድጌ ነው። ያኔ ማን ያውቃል? እማዬ መድኃኒቱን ሰጥታ ልጁን አስተኛችና፣ ጓሮ ወጥታ ጭድና አፈር አቡክታ፣ እያለቀሰች ቀዳዳውን በገዛ እጇ ደፈነችው። ላግዝሽ ብላት «ሂጂ ወንድምሽን ጠብቂ!» ብላ ጮኸችብኝ። አባዬ ሲመለስ ግድግዳው ደርቆ ነበር፤ ልዩነቱን አይቶት እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ማሙሽ ዳነ፤ እማዬ ግን ከዚያ በኋላ መስኮት የሚባል ነገር አንስታ አታውቅም።

እኛ አደግን፣ ወባው ቀነሰ፣ አባዬ አረፈ፣ ግድግዳው እንደተደፈነ ቆየ። በቅርቡ የኮሪደር ልማቱ ሴቻ ሲደርስ አፋፉ በሙሉ መናፈሻ ይሆናል ተባለና ለእማዬ ሌላ ቦታ ተሰጣት። ቤቱ በሚፈርስበት ቀን ጣሪያውንና በሩን ቀድመን አውርደን፣ እማዬ እንዳትወድቅብን ማሙሽና እኔ ግራና ቀኝ ይዘናት ደጅ ቆምን። የማፍረሻው ማሽን የጎረቤቶቻችንን ጓሮ ጠርጎ በአፋፉ በኩል ከጀርባ መጣና የኋላውን ግድግዳ አንድ ጊዜ ገፋው። አቧራው ገለል ሲል ከደጃችን ቆመን በሳሎናችን ውስጥ አባያን አየነው። እማዬ ክንዷን ከእጃችን አስለቀቀች። «ልጄ፣ እባክህ ትንሽ ቆይልኝ!» ብላ ጮኸች፤ ሾፌሩ ደንግጦ ሞተሩን አጠፋ። በሩ የነበረበት ደፍ ላይ ተቀመጠችና አየች፣ አየች። «መምህር፣ ይኸን እኮ ነበር ያልኩህ» አለች በመጨረሻ፣ አጠገቧ ያለ ይመስል። ከዚያ ነጠላዋን አራግፋ ተነሳችና «በል ልጄ፣ ሥራህን ሥራ» አለችው።

አሁን እዚያ ቦታ አግዳሚ ወንበሮች፣ መብራትና አበባ አለ፤ ቅዳሜና እሁድ ሙሽራው፣ ተማሪው፣ ሕፃኑ ይሞላዋል። ያኔ እኛ የሸሸነውን ውሃ ዛሬ ከተማው ሁሉ ፊቱን አዙሮ ሲያየው ደስ ይለኛል፣ አልዋሽም። የእማዬም አዲስ ቤት ሰፋፊ የመስታወት መስኮቶች አሉት፤ የሚያሳዩት ግን የጎረቤትን ግድግዳ ነው። ስለዚህ እሁድ እሁድ ወደ መናፈሻው እወስዳታለሁ። «ያምራል፣ እጃቸው ይባረክ» ትላለች፤ ሳትቆይ ግን እንሂድ ትለኛለች። ባለፈው «ምነው እማዬ፣ አሁን ገና መጣን እኮ» አልኳት። «አይ ልጄ፣ እኔ የፈለግሁት ሽንኩርቴን ስልጥ፣ አባትሽ ሲያነብ፣ እናንተ ስትንጫጩብኝ፣ ቀና ስል እንዲታየኝ ነበር እንጂ፣ ታክሲ ይዤ መጥቼ ላየው አልነበረም» አለችኝ።