የአያ ይመር ሁለተኛ ቤት

ልጅ ሳለሁ መተማ ላይ ጸጥታ የሚባል ነገር አልነበረም። ቀን የሰሊጥ መኪኖች ሲያጓሩ፣ የወፍጮው ሞተር ሲደበድብ፣ ከድንበሩ ማዶ የሱዳኖቹ ሬዲዮ ሲዘፍን ይዋላል፤ አመሻሽ ላይ ደግሞ አረቄ ቤቶቹ ተራቸውን ይረከባሉ። አባቴ የጤና ጣቢያው ድሬሰር ስለነበር ገና በአራት ዓመቴ ከጎንደር ወደዚያ ቆላ ወርጄ ነበርና ሌላ ዓለም አላውቅም። ሙቀቱ ቤት ውስጥ አያስቀምጥም። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ትልልቆቹ አልጋቸውን ደጅ አውጥተው ይጋደማሉ፤ እኛ የሰፈሩ ልጆች ደግሞ ከቤታችን ቀጥሎ ወዳለው ወደ አያ ይመር ደጅ እንሮጣለን።

አያ ይመር የወሎ ሰው ነበሩ። ለሰሊጥ አጨዳ ወርደው፣ ጓደኞቻቸው ሲመለሱ እሳቸው ቀርተው፣ አንገረብ እየሠሩ ይኖራሉ፤ አንገረብ የምንለው ያን በገመድ የሚጠፈረውን የሱዳን አልጋ ነው። ሚስትም ልጅም አልነበራቸውም። የነበራቸው በገዛ እጃቸው ያቆሟት ባለ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ናት፤ ክዳኗ ሣር፣ ከፊቷ ዳስ። ለቢምቢው ብለው የደረቀ ኩበት ያጨሳሉ። ያኔ ጭሱ ዓይናችንን እየለበለበው፣ ኩራዙ ከዳሱ ምሰሶ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ፍሙ ንፋስ በነካው ቁጥር ቀላ ፈዘዝ እያለ፣ እሳቸው የአልጋውን ገመድ እየሳቡና እያጠበቁ ያወሩልን ነበር። ቋጠሮ ላይ ሲደርሱ ዝም ይላሉ። ቋጠሮው እስኪያልቅ እኛም ትንፋሻችንን እንይዛለን።

ሌሎች ልጆች የሚሰሙት የጦጣና የቀበሮ ተረት ነው። የእኛ ተረት ግን ቤት ስለሚገዛ ሰውዬ ነበር።

ሰውዬው ስም የለውም። አዲስ አበባ ውስጥ፣ ጸጥ ያለ ሰፈር፣ ቤት ሊገዛ ተነሥቷል፤ ደላላው ፊት ፊት ይሄዳል፤ በየምሽቱ አንድ ቤት ያያሉ። አንዱ ቤት ያማረ ነው፣ ግን ከጓሮው ወፍጮ አለና ሰውዬው ዋጋ ሲጠይቅ ደላላው አይሰማም፣ ደላላው ሲመልስ ሰውዬው አይሰማም፤ ሁለቱም «እሺ፣ እሺ» ተባብለው ይለያያሉ። በሌላው ቤት ጎረቤቶቹ ባልና ሚስት በተጣሉ ቁጥር ለገላጋይነት የሚጠሩት የዚያን ቤት ባለቤት ነው፤ ሰውዬው ቤቱን ሊያይ ገብቶ ሲያስታርቅ ዋለ። ሌላ ቀን ደግሞ የሌላ ቤት ባለቤት የሆኑ ሽማግሌ «እዚህ ሰፈር ኮሽ የሚል ነገር ሰምቼ አላውቅም» ብለው ማሉለት። ሰውዬው ቀብድ ሊሰጥ እጁን ኪሱ ከከተተ በኋላ ነው ከግንቡ ወዲያ አንጥረኛ መኖሩን፣ ሽማግሌውም ጆሯቸው ከደነቆረ አሥር ዓመት እንዳለፈው የሰማው። በሳቅ እንፈርሳለን።

አንድ ቀን «ጸጥ ያለ ሰፈር ግን ምን ዓይነት ነው?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ጥያቄው ቀልድ አልነበረም፤ እውነት አላውቅም ነበር። አያ ይመር ገመዱን ለቀቅ አድርገው አሰቡ።

«ጎረቤትሽ እቤቱ ሆኖ ሲያስነጥሰው አንቺ እቤትሽ ሆነሽ ይማርህ ትይዋለሽ። እሱም ያኑርሽ ይልሻል» አሉኝ።

በመጨረሻ ሰውዬው ቤቱን አገኘው። የብረት በሩ አረንጓዴ፣ ማጠፊያው ዘይት የጠጣ፣ ሲከፈት ሲጢጥ የማይል። ሦስት የድንጋይ ደረጃ። በሰም የሚወለወል የጣውላ ወለል፣ በባዶ እግር ሲረግጡት ቀዝቀዝ የሚል። ግቢው ውስጥ አንድ የዘይቱን ዛፍና የራሱ ቧንቧ። ውሃ በአህያ ተጭኖ ከሚሸጥበት አገር ላለን ልጆች ቧንቧው ብቻውን ተረት ይበቃው ነበር። ሰውዬው ቁልፉን ተቀብሎ ሲገባ አብረነው የገባን መሰለኝ። ታዲያ እኔ፣ ነገር ሳላበላሽ የማላድር፣ «ማን ይኖርበታልሳ?» አልኩ።

«ሰውዬው ነዋ።»

«ሰውዬውኮ ስም የለውም።»

አያ ይመር ሳቁ። የጠበቀውን ገመድ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉና «እንግዲያስ እኔ ነኛ። ቤቱ የኔ ነው» አሉ። አጨበጨብን። ከዚያ ምሽት ጀምሮ ተረቱ ሁሉ «ቤቴ» ሆነ፤ ቤቴ ደጃፍ ድመት መጣች፣ ቤቴ ጎን ያለው ጎረቤት እንዲህ አለኝ። ደስ ይለን ነበር። ተረቱን የእሳቸው ያደረገው የእኔ ጥያቄ መሆኑን አስቀድሜ መናገር አለብኝ።

ሰፈር ውስጥ ቅጽል ስሜ «ቴፕ» ነበር። አንድ ጊዜ የሰማሁትን ሳላጎድል እደግመዋለሁ። አባቴ እንግዳ ሲመጣ ያስቆመኝና የሬዲዮውን ዜና ያስደግመኛል፤ እንግዶቹ ይደነቃሉ፣ እኔ ደግሞ እንደ ጉድ እኮራለሁ።

ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ ያለው ሰው ትርፉን ለመንግሥት ያስረክብ የሚለው አዋጅ ከወጣ ቆይቷል፤ እኛ ሰፈር ግን የቤት ለቤት ምዝገባው የደረሰው ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ነው። አባቴ የተማረ የመንግሥት ሠራተኛ ስለሆነ ጸሐፊ ተደርጎ ተመደበ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት ስመለስ አባቴን ከቀበሌው ሊቀመንበር ጋር አያ ይመር ደጅ ቆመው አገኘኋቸው። ሊቀመንበሩ ገና ጎረምሳ ነው። ግድግዳውን በያዘው በትር ጠቅ ጠቅ ሲያደርገው ጭቃው ረገፈ።

«ይቺም ቤት ተብላ ትመዝገብ?» አለ።

«ለኔ ትበቃኛለች» አሉ አያ ይመር።

«ሌላ ቤት አለዎት?»

«ኧረ ከየት አግኝቼ።»

ያ ጎረምሳ የሳቀው ሳቅ አንጀቴን አቃጠለው። አያ ይመርን የናቃቸው መሰለኝ፤ ንቋቸውም ነበር። እኔ ደግሞ የማን ጎረቤት እንደሆንኩ ላሳየው ፈለግኩ።

«አያ ይመር፣ የአዲስ አበባውስ? ረሱት እንዴ?»

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አያ ይመር እየሳቁ «እሱማ ለልጆቹ የማወራው ተረት ነው» አሉ። ሊቀመንበሩ ግን ሳቁን ትቶ ወደ እኔ ጎንበስ አለ፤ «እስቲ ንገሪኝ የኔ ጎበዝ» አለኝ። ነገርኩት። በሩን፣ ደረጃውን፣ ወለሉን፣ ዘይቱኑን፣ ቧንቧውን፣ ደላላው ያለውን ሁሉ። ቴፕ መሆኔን አስመሰከርኩ። ስጨርስ ሊቀመንበሩ ወደ አባቴ ዞሮ «ይሄን ሁሉ ሕፃን ልጅ ከራሷ አትፈጥረውም» አለ። አባቴ ብዕሩን እንደያዘ አየኝ።

«ትርንጎ፣ ቤቴ ነው ብለውሻል?»

«አዎ።»

እስከዚህ ድረስ ልጅነት ነው። እስከዚህ ድረስ ማንም ይፈርድልኛል።

በማግሥቱ አመሻሽ ላይ አያ ይመር ለብቻዬ ጠርተው ከጎናቸው አስቀመጡኝ። ኩበቱ እየጨሰ ነው፤ ገመድ ግን አልያዙም።

«ስሚኝ የኔ እናት» አሉኝ። «እኔ በጉልምስናዬ እዚያ ሰፈር ቀለም ቀቢ ነበርኩ። ያን በር አረንጓዴ የቀባሁት እኔ ነኝ። ቤቱ ግን የሰው ነው፤ አንድ ቀን አላደርኩበትም። አየሽ፣ ሥራው ሲያልቅ ወለሉ እንዳይቆሽሽ ተብሎ ሒሳቤን እንኳ የተቀበልኩት ደጅ ቆሜ ነው። እሑድ ስብሰባው ላይ ይጠይቁሻል፤ አያ ይመር ተረት ነው ብለውኛል በይልኝ። አብሽሪ፣ ማንም አይቆጣሽም።»

«እሺ» አልኳቸው። ልቤ ግን እሺ አላለም። የዚያ ቤት መኖር አለመኖር ለእኔ ቀላል ነገር አልነበረም፤ ስንት ምሽት ገብቼበታለሁ። የተታለልኩ መሰለኝና አኮረፍኩ።

እሑድ ቀበሌው አዳራሽ ሞላ። ሊቀመንበሩ አግዳሚ ወንበር ላይ አቆመኝና ይቺ ልጅ ከትልልቆቹ ትበልጣለች፣ ሌሎቹም ልጆች እንደ እሷ ንቁ ቢሆኑ አለ። ተጨበጨበልኝ። አያ ይመር ፊት ለፊት ቆባቸውን በእጃቸው ይዘው ተቀምጠዋል። ከበስተኋላ የክፍሌ ልጆች አሉ፤ አንዱ «ቴፕ ተረቱን እውነት መስሏት ነው እኮ» ሲል ሰማሁት፤ ሌሎቹ ኪኪኪ አሉ። ፊቴ ጋለ።

«ተረት ነው አሉሽ ወይስ ቤቴ ነው?» አለ ሊቀመንበሩ።

አያ ይመር በዓይናቸው አይዞሽ አሉኝ።

«ቤቴ ነው ነው ያሉኝ» አልኩ።

«ተረት ነው ብለውሽ አያውቁም?»

«አያውቁም።»

አያ ይመር አፋቸውን ከፈት አደረጉ። ትናንት ለብቻዋ ጠርቼ ነግሬያታለሁ፣ ትዋሻለች ቢሉ ኖሮ ቢያንስ አባቴ ያጠያይቀኝ ነበር። አላሉም። አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅን በሕዝብ ፊት ውሸታም ማለት አልሆነላቸውም መሰለኝ፤ ቆባቸውን አጠለቁና ወለሉን አዩ። አባቴ ቃለ ጉባኤውን ጽፎ ፈረመ።

ማታ ራት ላይ አባቴ አንድ ጊዜ ብቻ «እርግጠኛ ነሽ አይደል ልጄ?» አለኝ። እኔም እንጀራውን እያየሁ አንገቴን ነቀነቅኩ።

ያቺ የጭቃ ቤት ትርፍ ቤት ተባለችና ታሸገች፤ ኋላ የቀበሌው ዶማና አካፋ ማስቀመጫ ሆነች። አያ ይመርን «አዲስ አበባ ቤትዎ ይግቡ» አሏቸው። እሳቸውም በአንድ ጆንያ የሚገባውን አስገብተው፣ መጥረቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ደጃችን መጡ። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ነበርኩ። እናቴ ስንቅ ሰጠቻቸው። «ልጅቱን አትቆጧት» ሲሏት ሰማሁ። እናቴ ለምን እንደምትቆጣኝ አልገባትም።

ከሁለት ዓመት በኋላ ጎንደር አክስቴ ዘንድ እንድማር ተወሰነና ከእናቴ ጋር አውቶቡስ ተሳፈርን። መንገድ ላይ ሸሕዲ ከተማ ቆምን። የአጨዳ ወቅት ስለነበር መንገዱ ዳር ከጎጃሙም ከወሎውም የወረዱ የቀን ሠራተኞች ቀጣሪ ሲጠብቁ ተኮልኩለዋል፤ ጎረምሶች ናቸው፤ አለቆቹ ክንዳቸውን እያዩ ይመርጧቸዋል። ከመካከላቸው አንድ ሽማግሌ ጆንያ ላይ ተቀምጠዋል። ማንም አይመርጣቸውም። እናቴ ሙቀቱ አድክሟት እንቅልፍ ወስዷት ነበር። መስኮቱ ክፍት ነው፤ «አያ ይመር» ብል ይሰሙኛል፤ እጄን ብዘረጋ ስንቃችንን ላቀብላቸው እችላለሁ። ቀና ብለው ወደ አውቶቡሱ ማየት ሲጀምሩ ወደ ወንበሩ ሥር ጎንበስ አልኩ። መኪናው እስኪነሣ ድረስ የወደቀ ነገር የምፈልግ መስዬ ቆየሁ። ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም፤ ያየሁትንም ለማንም አልተናገርኩም።

ዛሬ የምኖረው አዲስ አበባ፣ ጸጥ ያለ ሰፈር፣ የገዛሁት ቤት ውስጥ ነው። ቤት ስፈልግ ደላላው የጣውላ ወለል ያለው አንድ ቤት ሲያሳየኝ ከደረጃው ተመለስኩ፤ ገንዘብ አንሷት ነው ብሎ አዘነልኝ። ይኼኛውን ገዝቼ ገባሁ። እናቴ ከሞተች በኋላ አባቴን ከጎንደር አምጥቼ እዚሁ ጦርኩት። ሰፈሩን ወደደው። አመሻሽ ላይ በረንዳው ላይ ይቀመጥና ስለ መተማ ያነሣል፤ ስለ ወባው፣ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ በሽተኞቹ። ስለዚያ ፊርማ ግን አንሥቶ አያውቅም ነበር፣ እስከ አንድ ቀን ድረስ።

«ያ ይመር» አለ፣ ሻይውን እያማሰለ። «አንገረብ የሚሠራው። አንዳንዴ ያሳስበኛል። ግን እንዲህ ያለ ቤት ገብቶ ይሆናል እላለሁ፤ ከዚያ ሐሩርና ከዚያ ጭቃ ቤት ይሻለዋል።» ወደ እኔ ዞረ። «ቤቱስ እውነት ነበር፤ አይደል ትርንጎ?»

ልነግረው የምችልበት ቀን ያ ብቻ ነበር። ሸሕዲን ልነግረው፣ ወንበሩ ሥር መደበቄን ልነግረው እችል ነበር። ብነግረው ፊርማው የሚከብደው እሱን ነው፤ ዕድሜው ደግሞ ሰማንያ አልፏል። ላሳዝነው አልፈለግኩም ብዬ ለራሴ ነግሬዋለሁ። ፈሪ መሆኔንም አውቃለሁ።

«ነበር፣ አባዬ» አልኩት።

ደስ አለው። ሻይውን ጠጥቶ ገብቶ ተኛ፤ ያን ዓመት ሳይጨርስም አረፈ። አያ ይመር ለእሱ እስከ መጨረሻው ቤት ደብቆ የተገኘ ሰው ናቸው። እኔ ከዚያ ደጅ የተማርኩትን ተረት ለልጆቼ አውርቼ አላውቅም፤ ሲጠይቁኝ አላስታውስም እላቸዋለሁ፣ ያ ሁሉ የሚታወሰኝ ሰው። ስለ እሑዱ ስብሰባ ባሰብኩ ቁጥር ዘጠኝ ዓመቴ ነበር እያልኩ ራሴን እምራለሁ። ለአባቴ ስመልስለት ግን ኀምሳ አልፎኝ ነበር።