ክንድ ላይ ያደረው አሪቲ

የልጅ ልጆቼ ከሱቅ ያመጡትን የፊት ቅባት ክንዳቸው ላይ ነካ አድርገው ሲጠባበቁ አይቼ ሳቅሁ። "እማማ፣ ምን ያስቅሻል? ንገሪን" አሉኝ። እሺ፣ ልንገራችሁ። በንጉሡ ጊዜ፣ እዚሁ ቀራንዮ፣ እኔም እንዲሁ ክንዴን ዘርግቼ ተቀምጫለሁ።

ያሳደገችኝ አክስቴ ናት፣ የእናቴ ታላቅ። የሠፈሩን ሙሽሮች የምታሰናዳ እሷ ነበረች፤ እንሶስላ ትወቅጣለች፣ ቅቤ በአደስ ታሻለች። ዛሬም አደስ ሲሸተኝ በሩ ላይ የቆመች ይመስለኛል። ታዲያ አዲስ ቅጠል ፊት ከመነካቱ በፊት በሙሽራዋ ክንድ መታጠፊያ ታስሮ ያድራል። በራሷ ክንድ አትሞክርም። "የኔ ቆዳ ቅጠል ለምዷል፤ ምኑን ያውቃል?" ትላለች። ለዓይን የሚጠጋ ከሆነማ ጥንቃቄዋ ይብሳል። "ትርፍ ዓይን ያለው ማነው?"

ሠርጌ ለዳግማ ትንሣኤ ተቆረጠ። ሙሽራው ያየኝ ከሩቅ ነው፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ። ቀርቦ ሲያየኝ ቅር እንዳይለው ፈራሁ። ጎረቤታችን የተወቀጠ አሪቲ ይዛ መጣች፤ ፊት ያበራል አለች። አክስቴ ክንዴ ላይ አሰረችው።

ሲነጋ ብትፈታው ክንዴ ንጹሕ ነው።

"ይኸው! እንቀባት እንጂ" አለች ጎረቤታችን።

"ትንሽ ይቆይ። ቆዳ አኩራፊ ነው፤ የዛሬውን ነገ ነው የሚናገር።"

"ኧረ እትዬ! ልጅቷን በፈተና ሊያስረጇት ነው እንዴ?"

እኔም አለቀስኩ፣ ቀቢኝ ብዬ። አክስቴ እንባዬን በነጠላዋ ጠረገችልኝ እንጂ አልቀባችኝም።

በማግስቱ ክንዴ ይበላኝ ጀመር፤ ቀልቶ፣ ውሃ ቋጥሮ እንደ ዳቦ ኩፍ አለ። ጎረቤታችን ክንዴን አገላብጣ አየችና "ፊቷ ቢሆን ኖሮ ሙሽራው በቅሎዋን አዙሮ ነበር!" አለች። ተሳሳቅን። አክስቴ አሪቲውን አጥር ሥር ደፍታ ፊቴን ለብ ባለ ውሃ አጠበችኝ። "የእግዜር ቀለም ይበቃሻል" አለችኝ። በዚያው መልኬ ተዳርኩ፤ ክንዴን እጅጌ ሸፈነው።

ከብዙ ዓመት በኋላ አክስቴ አረፈች። በተዝካሯ ባለቤቷ አጠገቤ ተቀምጠው ነገሩኝ። "ለሷ ማንም ቅጠሉን ክንዷ ላይ አላሳደረላትም፤ ዝም ብለው ፊቷን ቀቧት። የሠርጋችን ዕለት ዓይኗ አብጦ ተከድኖ ነበር። እጇን ይዤ ነው ያስገባኋት። መልኬን ያየችው ከመልሱ በኋላ ነው።"