ሁለት ደራሲዎችና ሁለት ኩርፈኛ ሽማግሌዎች

ወገኖቼ፣ በከባድ ሐዘን አንድ ወንጀሌን እናዘዛለሁ፦ ዛሬ ሁለት ሽማግሌዎችን ዋሽቻለሁ።

አያቴ አባ ይማምና ጓደኛቸው ጋሽ ታደሰ በጦርነቱ ወደ ደሴ ስንሸሽ «ጥለኸኝ ሄድክ» ተባብለው ተኳርፈዋል። ከተመለስን ወዲህ አንዱ ሲያስል ሌላው መንገድ ይቀይራል።

ዛሬ ከተማችን መርሳ ላይ ስለ ሁለት ዝነኛ ደራሲዎች ወዳጅነት ዘጋቢ ፊልም ይታይ ነበር። ለየብቻ ጠርቼ «ጓደኛዎ ቦታ ይዘውልዎታል» አልኳቸው።

ፊታቸውን ወዲያና ወዲህ አዙረው ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ እኔ ከኋላቸው።

ፊልሙ ላይ አንደኛው ደራሲ «እሱ ካላነበበው የጻፍኩ አይመስለኝም» ሲል አባ ይማም ዓይናቸውን ጠረጉ። (ጉንፋን ነው ይላሉ።)

«ታደሰ፣ አፉ በለኝ» አሉ።

«አፉ ብያለሁ። ቦታ ይዘህ ስትጠብቀኝ እኮ ነው አንጀቴ የራሰው።»

«እኔ? አንተ አይደለህ እንዴ የያዝክልኝ?»

እናንተስ ዋሽታችሁ ያስታረቃችሁት ሰው አለ? ቶሎ ጻፉልኝ፣ ሁለቱም ወደ ኋላ እየዞሩ ነው...

«አንቺ ዘሃራ!»