ጣሳው ላይ የተጻፈው

ይህ የሆነው ከስድስት ዓመት በፊት፣ ከሰቆጣ ግማሽ ቀን በሚያስኬደው መንደራችን ነው። ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ንብ ባየሁ ቁጥር ግን ፊቴን አዞራለሁ።

ያኔ አራተኛ ክፍል ጨርሼ ትምህርት አቁሜ ነበር። በመንደሩ ፊደል የቆጠርኩ ሴት እኔ ብቻ ስለሆንኩ አባቴ ይኮሩብኝ ነበር።

እንደ ጎረቤቶቻችን ሁሉ የእኛም ቀፎዎች በቤቱ ግድግዳ ውስጥ ነበሩ። ንቦቹ በደጅ በኩል ይገባሉ፤ እኛ ማሩን ከውስጥ እንቆርጣለን። ከመደቤ ላይ ሆኜ ድምፃቸውን እሰማ ነበር።

በመስከረም ቁንጫ ሲበረታብን አባቴ ከገበያ ነጭ የተባይ ዱቄት በትልቅ ጣሳ ይዘው መጡ። ጎረቤት ሊያይ ተሰበሰበ። ጣሳው ላይ ያለው ጽሑፍ የፈረንጅ ነበር። ጥቂት ፊደሎች ለየሁ እንጂ አንዱንም ቃል አላወቅሁትም።

«ንብ ይነካል ይላል?» አሉኝ አባቴ።

ጣሳውን አገላበጥኩ። ጎረቤታችን እትዬ ዝማም ሳቁና፣ «አራት ዓመት ሙሉ እንጨት ሳትለቅሚ የከረምሽው ለዚህ ቀን አይደል? በይ እንጂ!» አሉኝ።

አንገቴን ደፋሁ። «አይነካም ይላል» አልኩ።

አባቴ ዱቄቱን ወለሉም ግድግዳውም ላይ ነሰነሱት። ለጎረቤቶቹም በየእፍኙ አካፈሉ።

በሦስተኛው ቀን ንቦቹን ከግድግዳው ሥር እንደ ፈሰሰ ኑግ ተበትነው አገኘናቸው። አንዳንዶቹ ገና ክንፋቸውን ያርገበግቡ ነበር። ከዚያ በኋላ ግድግዳው ጭጭ አለ።

የእትዬ ዝማምም ቀፎ ባዶ ቀረ። እሳቸው «ዱቄቱ ነው» ቢሉ አባቴ ተቆጡ። «ልጄ አንብባዋለች! እሷ ያላለችውን አንቺ ከየት አመጣሽው?»

ስለዚህ በየመስከረሙ መነስነሳቸውን አልተዉም። በየዓመቱም ባዶ ቀፎዎቹን አጥነው፣ ሰም ቀብተው መንጋ ይጠብቃሉ። የገባው አይሰነብትም።

ዘንድሮ ባቄላው ሲያብብ ማሳው መሐል ቆሜ አዳመጥኩ። ነፋስ ብቻ ነበር። አባቴ፣ «ምን በድለን ይሆን?» አሉኝ። እኔን ነበር የሚጠይቁት።

ብዙ ጊዜ ልነግራቸው ሞክሬ አፌ አልከፈት አለኝ። ስለዚህ ለጋዜጣ ጻፍኩት። ከወጣ ጋዜጣውን ከሰቆጣ አስመጥቼ፣ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ አነብላቸዋለሁ። የተጻፈውን ብቻ።