ያልወጣው ተሳፋሪ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት አለቃዬ ዳያን ቁልፉን አልሰጠችኝም። «ዛሬ ተሳፋሪ ነሽ» ብላ ከኋላዋ አስቀመጠችኝና በትንሿ አውቶቡስ ከተማዋን አዞረችኝ። ሬዲዮው ላይ የጀመረው ሁለተኛ ዘፈን ሳያልቅ ተመለስን።

«ቀሪውን መቼ ታሳዪኛለሽ?» አልኳት።

«ቀሪ የለም» ብላ ሳቀች።

ከዚያ በፊት ለዓመታት ሎስ አንጀለስ ውስጥ፣ ሐበሻ በሚበዛበት ፌርፋክስ አካባቢ የፓርኪንግ ቲኬት ስቆርጥ ነበር የኖርኩት። የአውቶቡስ መንጃ ፈቃድ ያወጣሁት ከዚያች ጠባብ ዳስ ለመውጣት ነው። ነገሩ በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አሥራዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ሥራው የተገኘልኝ ከሎስ አንጀለስ ባሕሩን ይዞ ወደ ሰሜን ሲነዳ በሚደረስባት ትንሽ ከተማ ነበር፤ አዛውንትና አካል ጉዳተኛ ከቤታቸው እያነሱ ገበያ፣ ክሊኒክና ቤተ መጻሕፍት ማድረስ። የከተማዋን ስም አልጠራም። ብጠራው እንግዳ ይበዛባቸዋል፣ እነሱ ደግሞ እንግዳ አይወዱም።

ከተማዋ በተራራና በባሕር መካከል ተጣብቃ የተቀመጠች ናት። አውራ ጎዳናው መሃሏን ሰንጥቆ ያልፋል፤ የትራፊክ መብራቷ አንድ ብቻ ነው። ከተራራው ወገብ ላይ ትልልቅ ቤቶች አሉ፤ እዚያ አትክልተኞቹን እንጂ ባለቤቶቹን አይቼ አላውቅም። ታች ባሕሩ ዳር ቀለማቸውን ጨው የበላው የእንጨት ቤቶች ተደርድረዋል፤ የኔ ሰዎች እዚያ ነበሩ። ፖስታ ለየቤቱ አይታደልም። ሁሉም ፖስታ ቤት ሄዶ ከሳጥኑ ስለሚወስድ የከተማዋ ወሬ በሙሉ የሚገኘው እዚያ ነው። መንገዱ ዳር ደግሞ ማዕበል ከመጣ በየት በኩል እንደሚሸሽ የሚያሳይ ሰማያዊ ምልክት ቆሟል። መጀመሪያ ሰሞን ባየሁት ቁጥር ዞሬ ባሕሩን አይ ነበር፤ ኋላ ግን እንደ ጎረቤት ለመድኩት።

ጠዋት ሥራው በፍተሻ ይጀመራል። ጎማ፣ መብራት፣ ፍሬን፣ ከዚያ የዊልቸር ማንሻው። ማንሻውን ባዶውን አውርጄ አነሳዋለሁ፤ ሰው ጭኖ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ከቀረ መከራ ነው። የዊልቸሩን ማሰሪያዎች ከወለሉ ጋር ካጠበቅሁ በኋላም አላምናቸውም፣ በእጄ ነቅነቅ አደርጋቸዋለሁ።

ደንቡ ግልጽ ነው፦ ሾፌር የተሳፋሪ ቤት አይገባም። ሰውየው ካልወጣ ትንሽ ትጠብቂያለሽ፣ ጡሩምባ ትነፊያለሽ፣ ካልሆነ በመገናኛ ሬዲዮ ለቢሮው «ኖ ሾው» ብለሽ ትሄጃለሽ። አልመጣም ማለት ነው። ኖ ሾው ከተደጋገመ ተሳፋሪው ከመስመሩ ይሰረዛል።

የመጀመሪያው ሰሞን ሁልጊዜ አረፍድ ነበር። እንዴት አደሩ፣ ልጅዎ እንዴት ናት፣ ጉልበትዎ ተሻለዎት ስል ሰዓቱ ይነጉዳል። ዘነበች የሚለው ስሜ አፏ ላይ አልዞር ያላት ዳያን በሬዲዮ ትጮህብኛለች፦ «ዚ! ሰው እየጫንሽ ነው ወይስ እያከምሽ?» ሰዎቹ ግን ለመዱኝ። ቆይተው የጉልበታቸውን ነገር ሊነግሩኝ ቀድመውኝ መንገድ ዳር መቆም ጀመሩ።

ከሁሉም የምወዳቸው ሚስተር ሃልንና ባለቤታቸውን ሩትን ነበር። ሚስተር ሃል ዕድሜያቸውን በሙሉ ጀልባ ሲጠግኑ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። እንግሊዝኛ አንቱታ ባይኖረውም እኔ በልቤ አንቱ እያልኩ ነው የነዳኋቸው። ሩት መስኮቱ ዳር ሆነው ባሕሩን ያያሉ፤ ባልየው የኔን አነዳድ ይቆጣጠራሉ።

«ዚ፣ ዛሬ ማዕበል የለም። ምን አስቸኮለሽ?» ይሉኛል።

«ተዋት ሃል፣ አንተ መኪና ስትነዳ ያየሁህ እኔ ነኝ» ይላሉ ሩት።

በአንዱ የዝናብ ወር ሩት ሞቱ። ከቀብሩ በኋላ ሚስተር ሃል መውጣት አቆሙ። ቤታቸው ጋ ቆሜ እጠብቃለሁ፣ ጡሩምባ እነፋለሁ፤ መጋረጃው አይነቃነቅም። ደጃፋቸው ላይ ጎረቤት ያስቀመጠው ሾርባና ምግብ በየዕቃው ተደርድሯል። ፖስታ ቤት ያገኘሁትን ጎረቤታቸውን ሰው ገብቶ አይቷቸው እንደሆነ ጠየቅሁት።

«ብቻውን መሆን ይፈልጋል። እያከበርነው ነው» አለኝ።

ይሄ ምን ዓይነት አክብሮት ነው ብዬ ቆሽቴ አረረ። ሰዎቹ ግን ክፉ አልነበሩም፤ ከምራቸው ያዘኑላቸው መስሏቸው ነው።

አንድ ቀን ደጃፉ ላይ ልጃቸውን ኬረንን አገኘኋት። ከሎስ አንጀለስ በስተደቡብ ቶራንስ ነው የምትኖረው፤ ዓይኗ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል።

«አይበላም፣ አይወጣም» አለችኝ። «ሥራዬን ትቼ እዚህ መኖር አልችልም። በወሩ መጨረሻ በርባንክ የአረጋውያን መኖሪያ አስገባዋለሁ። እንደ ድሮው ያንቺ አውቶቡስ ላይ ሲወጣ ባየው ግን እተወው ነበር።»

በርባንክ ባሕር የለም። እኚያ ሰው ጠዋት ተነስተው ባሕሩ ዛሬ ምን ዓይነት ነው ሳይሉ ቁርስ አይበሉም ነበር። እዚያ ከሄዱ እንደማይከርሙ ታየኝ።

ቅዳሜ ፌርፋክስ ምሳ ላይ ለባለቤቴ ለታደሰና ከፓርኪንግ ሥራ ጡረታ ለወጡት ለጋሼ መርዕድ ነገሩን አወጋኋቸው።

«ሶ ማንም አልገባም?» አለ ታደሰ።

«ማንም። ምግቡን በር ላይ ድሮፕ አድርገው ይሄዳሉ።»

ጋሼ መርዕድ ጉርሻቸውን ዋጡና «አንቺስ ምን ትጠብቂያለሽ?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ደግሞ! ሾፌር ቤት አይገባም። ከሥራ ፋየር ያደርጉኛል።»

«እሁድ ትነጂያለሽ?»

«የለም፣ ኦፍ ነኝ።»

«እንግዲያው እሁድ ሾፌር አይደለሽም። ለቀስተኛ ነሽ። ታደሰ ድራይቭ ያደርጋል፣ እኔም እመጣለሁ።»

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን እንደወጣን ነጠላችንን እንደለበስን ሄድን። ሚስተር ሃል በሩን ገርበብ አድርገው ሦስታችንንም ከላይ እስከ ታች አዩን። ጺማቸው አድጓል፣ ሸሚዛቸው ሰፍቷቸዋል።

«ዚ? ምን ፈልገሽ ነው?»

«ምንም። ልንቀመጥ ነው የመጣነው።»

«እስከ መቼ?»

ወደ ጋሼ መርዕድ ዞሬ ተረጎምኩላቸው። «እስኪርብዎት በያቸው» አሉ።

ይህንን ስነግራቸው ሚስተር ሃል ግራ ገብቷቸው አስገቡን። ቤቱ ውስጥ የነበሩት ወንበሮች ሁለት ናቸው፣ የሳቸውና የሩት። የሩትን ወንበር ማንም አልነካም። ጋሼ መርዕድን አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀመጥን፤ እኔ ሳጥን ላይ፣ ታደሰ የተደፋ የዓሣ ባልዲ ላይ ተቀመጥን።

ብዙም ሳይቆይ በሩ ተንኳኳ። ያ ጎረቤት ነው። ነጭ የለበሱ ሦስት እንግዶች ሲገቡ አይቶ ደንግጧል።

«ሃል፣ ደህና ነህ? ሸሪፍ ልጥራ?»

«ሊቀመጡ ነው የመጡት» አሉ ሚስተር ሃል።

«ለምን?»

«እኔ እንጃ። አንተም ተቀመጥ።»

ሰውየው መቀመጫ ፈልጎ አጣ። ቤቱ ሄዶ ሁለት ታጣፊ ወንበር ይዞ፣ ሚስቱን አስከትሎ ተመለሰ። ዝናቡ መስኮቱን ይመታል። ከቆይታ በኋላ ሚስተር ሃል ማንንም ሳያዩ ስለ ሩት መናገር ጀመሩ፤ መጀመሪያ የተገናኙት ሩት ጀልባ ሊያይ የመጣ አባታቸውን ተከትለው ሲመጡ ነው። እየተናገሩ አለቀሱ። ጎረቤትየውም አለቀሰ። መጨረሻ ላይ ዓይናቸውን ጠርገው «ያ ሾርባ ይኖር ይሆን?» አሉ።

ሰኞ ዳያን ቢሮዋ ጠራችኝ። በዚያች ከተማ ወሬ ከአውቶቡስ ይፈጥናል።

«የተሳፋሪ ቤት ገብተሻል?»

«እሁድ ነው።»

«በኛ አውቶቡስ?»

«በታደሰ ቶዮታ።»

ትንሽ አሰበች። «እንግዲያው አልሰማሁም። ሾርባውን በላው?»

በሚቀጥለው እሁድ ስንሄድ ከኛ የቀደሙ ነበሩ። ፖስታ ቤት የሚሠራውም፣ ቤተ መጻሕፍት ያለችውም የየራሳቸውን ወንበር ይዘው መጥተዋል። ዳያንም ነበረች፤ እኔን ስታይ ወደ መስኮቱ ዞረች።

ወሩ ሊያልቅ ሲል አንድ ጠዋት የሚስተር ሃል ቤት ጋ ስደርስ ባርኔጣቸውን አድርገው፣ ጺማቸውን ተላጭተው መንገዱ ዳር ቆመዋል።

«ኖ ሾው ልትዪኝ ነበር?» አሉኝ።

«ወዴት ላድርስዎት?»

«ፖስታ ቤት። ወሬ አምልጦኛል።»

ሩት ይቀመጡበት የነበረው መስኮት ዳር ተቀመጡ። ለኬረን ደወልኩላት። ስልኩ ላይ ስታለቅስ ሰማኋት፤ በርባንክም ቀረ።

ከዓመታት በኋላ ታላቅ ወንድሜ አገር ቤት አረፈ። ከፌርፋክስ ጀርባ ያለው አፓርታማችን በለቀስተኛ ሞላ። እኔ ግን እንባ እምቢ አለኝ፤ ሻይ ቀድቼ፣ ሰው አስቀምጬ፣ ደረቅ ብዬ ዋልኩ። ከሰዓት በኋላ በሩ ሲንኳኳ ከፈትኩ። ሚስተር ሃል ናቸው። ሎስ አንጀለስን እንደ በሽታ የሚሸሹት ሚስተር ሃል፣ የዓሣ ማጥመጃ ታጣፊ ወንበራቸውን በብብታቸው ይዘው። ኬረን የመኪና ቁልፏን እንደያዘች ከኋላቸው ቆማለች።

ወንበራቸውን ግድግዳው ጋ፣ ከጋሼ መርዕድ ጎን ዘርግተው ተቀመጡ፤ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። ያኔ ነው እንባዬ የመጣው።

ጋሼ መርዕድ በተሰባበረች እንግሊዝኛቸው ጠጋ ብለው «እስከ መቼ ነው የመጡት?» አሏቸው።

«እስኪርባት» አሉ ሚስተር ሃል።

አሁን አዳዲስ ሾፌሮችን የማሠለጥነው እኔ ነኝ። ማንሻውን፣ ማሰሪያውን፣ ሬዲዮውን አሳያቸዋለሁ። ሁልጊዜ የሚወጣ ተሳፋሪ አንድ ቀን ካልወጣ «ኖ ሾው» ብላችሁ አትለፉት፣ ለምን እንደቀረ እወቁ እላቸዋለሁ።