ያልሳቀችው ሳቅ

ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቃት «ሳቂታ» እያለ ነው። ወላጆቿ ያወጡላት ስም መታወቂያዋ ላይ ተቀምጦ ቀርቷል። ቀን ቀን ላውንደሪ ውስጥ የሰው ሸሚዝና ሱሪ በካውያ ስትተኩስ ትውላለች። ሐሙስ ከሰዓት ግን አሠሪዋን አስፈቅዳ ወደ ቴሌቪዥን ጣቢያው ትሄድና፣ ሳምንታዊው የቀልድ ዝግጅት በሚቀረጽበት ስቱዲዮ ከፊት ወንበር፣ ማይክ ከተንጠለጠለበት ሥር ትቀመጣለች። እዚያ ሥራዋ መሳቅ ነው።

«መሳቅም ሥራ ሆነ?» የሚሏት አሉ። ሳቋን የሰማ ግን አይጠይቅም። መጀመሪያ ጉሮሮዋ ውስጥ ይንተከተካል፤ ቀጥሎ ከት ትላለች፤ አለቀ ሲባል ትንፋሿን ስባ እንደ አዲስ ትጀምራለች። እሷ ከጀመረች ቀልዱ ያልገባው ሰው እንኳ ሆዱን ይይዛል። ስቱዲዮው የሚስቀው እሷን ተከትሎ ነበር።

አምና የፊት ጥርሷ ተነቅሎ ሳቋ ውስጥ ትንሽ ፉጨት ስትገባበት፣ የድምፅ ባለሙያው ፊቱን አጨማደደ። «ግዴለም፣ የድሮው አለኝ» አለ። እውነትም አለው። ጥርሷ ከመነቀሉ በፊት አንድ ቀን ብቻዋን አስቀምጦ «ድንገት ብትታመሚ ለመጠባበቂያ ይሆነናል» ብሎ ሳቋን ቀድቶት ነበር። እሷም የምፈለግ ሰው ሆንኩ ብላ ደስ ብሏት እስኪበቃው ሳቀችለት። ሳቅ ማስቀመጥ ልብስ እንደ ማስቀመጥ መስሏት ነበር፤ ማን እንደሚለብሰው አልጠየቀችም።

ጣቢያው ውስጥ ማንም የማያውቀው አንድ ነገር አለ። ያቺ ስሟ የገነነው ዘፋኝ የሳቂታ ታላቅ እህት ናት። ደብቃ አይደለም፤ በእህቷ ስም በር ማንኳኳት ስለማትወድ ዝም አለች እንጂ። ሁለቱ አንድ አልጋ ላይ ራስና እግር ሆነው ነው ያደጉት። ታላቋ በጨለማ ስታንጎራጉር ታናሿ ትስቃለች፤ እናታቸው ከወዲያኛው ክፍል «ኧረ ተኙ እናንተ!» ትላለች።

ታዲያ በቅርቡ ይህቺ እህት ትልቅ መድረክ ላይ ቆማ፣ ሕፃን አዋቂው በቃሉ የሚያውቀው የራሷ ዘፈን ግጥሙ ጠፋባት። ማይኩን እንደ ያዘች ዝም ብላ ቆመች። በስልካቸው የቀረጹ ሰዎች አገር ምድሩን አዳረሱት። መርሳቱ በሽታ መሆኑን፣ እየባሰ እንደሚሄድም ሐኪሙ እንደ ነገራት ግን ከቤተሰብ ውጭ አልተሰማም። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ይባላል። ሳቂታም ምሳሩን ጠብቃ ነበር፤ እሷ ከምትቀመጥበት ቤት ይመጣል ብላ ግን አልጠረጠረችም።

ሐሙስ እንደ ልማዷ ወንበሯ ላይ ተደላደለች። መብራቱ በራ። ኮሜዲያኑ ዊግ አጥልቆ፣ ልክ የእህቷን የመሰለ ረጅም ቀሚስ ለብሶ ወጣ። እጁ ላይ ያለውን ማይክ ወንበር ሥር ጎንበስ ብሎ እየፈለገ «ማይኬን ያያችሁ!» አለ። ከዚያ አፉን ከፍቶ ቆመና ወደ ተመልካቹ ዞረ።

«ስሜ ማን ነበር? ንገሩኝ እንጂ!»

ሳቂታ ክው ብላ ቀረች። ተመልካቹ እሷን እሷን አየ። ሁለት ሦስት ሰው ኸኸ ብሎ ሞክሮ አፉን ገጠመ። ስቱዲዮው ላይ ቀዝቃዛ ውሃ የተቸለሰበት መሰለ፤ አዘጋጁም ቀረጻውን አስቁሞ ወደ እሷ መጣ።

«ምነው እናቴ፣ ዛሬ ምን ነካሽ?»

«አላሳቀኝም።»

«ሥራሽ እኮ ነው!»

«እህቴ ናት። የእናቴ ልጅ።»

አዘጋጁ ለአፍታ ደነገጠ። ግን ቶሎ ራሱን ሰበሰበ። «እንዴ! ታዲያ ኩራት አይደለም? ታዋቂ ሰው እኮ የሕዝብ ነው። ደግሞ በፍቅር ነው የምንቀልደው።»

በፍቅር! ፍቅሩ እንዲህ ከሆነ ጥላቻው ምን ሊመስል ነው? የወደደ ሰው የወደደውን ሰው ቁስል በእንጨት ሲነካካ የት ታይቷል? ዘፈንዋ የሕዝብ ይሁን፤ ሕዝብ ጨፍሮበታል፣ ተድሮበታል። «በሽታዋም የሕዝብ ነው?» የሚለው ግን አፏ ላይ ደርሶ ተመለሰ፤ ሕመሙ የእህቷ ምሥጢር ነዋ። ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። ከኋላዋ የድምፅ ባለሙያው «ችግር የለም፣ ቀጥሉ» ሲል ሰማችው። ነገሩ ያን ጊዜ አልገባትም።

የገባት እሑድ አመሻሹ ላይ ነው። ባሏ ቴሌቪዥኑን ከፈተ። ኮሜዲያኑ «ስሜ ማን ነበር?» ከማለቱ አንድ ሳቅ ፈነዳ። ተንተከተከ፣ ከት አለ፣ ትንፋሹን ስቦ እንደ አዲስ ጀመረ። ባሏ ቀስ ብሎ ዞሮ አያት።

«አልሳቅሁም ብለሽኝ አልነበር?»

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው አልሳቅሁም!» አለች። ቴሌቪዥኑ ግን እየሳቀባት ነበር።

በማግሥቱ ካውያውን ሳትነካ ጣቢያው በር ላይ ተገኘች። «ሳቄን አውጡልኝ!» ብላ ጮኸች። አዘጋጁ ቢሮው አስገብቶ ወንበር ሰጣት፤ አልተቀመጠችም።

«የተቀዳ ድምፅ የጣቢያው ንብረት ነው» አላት። «ደግሞስ ማን ያውቅብሻል? ሳቅ ስም የለውም።»

«ለእናንተ አይኖረውም! እህቴ ግን ከሺህ ሰው መካከል ለይታ ታውቀዋለች። እሷን የሰደብኳት እኔ ሆንኩ እኮ! አፌን ዘግቼ በወጣሁበት፣ በገዛ አፌ ሰደባችኋት!»

አዘጋጁ ሰዓቱን አየ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። በሩን በኃይል ዘግታ ወጣችና በቀጥታ ወደ እህቷ ቤት ሄደች፤ ስትደርስ ግን በሩን ከማንኳኳቷ በፊት አመነታች። ብትናገር ማን ያምናታል? ባሏ እንኳ አላመናትም።

እህቷ መስኮቱ አጠገብ ሻርፕ ደርባ ተቀምጣለች።

«እትዬ… ትናንት አየሽው?»

«አየሁት። ዊጉ ከኔ ፀጉር ይሻላል።» ሻርፗን ሰብሰብ አደረገች። «ሳቅሽንም ሰማሁት።»

ሳቂታ መሬቱ ተከፍቶ ቢውጣት ወደደች። «እትዬ፣ እኔ አል…»

«ዝም በይ፣ አስጨርሽኝ። ያ ሳቅ የድሮ ነው። የፊት ጥርስሽ ሳይነቀል የሳቅሽው ነው፤ ፉጨት የለውም። ግጥም ነው እንጂ የሚጠፋኝ ድምፅ መች ይጠፋኛል? የት አባታቸው ነው ያገኙት?»

ሳቂታ እህቷ ጉልበት ላይ ተደፍታ ተንሰቀሰቀች። ራስዋን እየደባበሰች ስታዳምጣት የቆየችው እህት፣ «ውይ፣ ለቅሶሽም ያፏጫል ለካ» አለቻት። ጥርስ ባዳ ነው፤ ሁለቱም ከነዕንባቸው ሳቁ።

ሳቂታ ወደ ጣቢያው አልተመለሰችም። ሳቋ ግን እዚያው ነው፤ ዛሬ በታመመው፣ ነገ በተፈታችው፣ ከነገ ወዲያ በወደቀው ላይ እሑድ እሑድ ከት ይላል። ላውንደሪው ውስጥ ደንበኞች «ትናንትናም እንዴት ሳቅሽ ባክሽ!» ይሏታል። እሷም ካውያዋን በቁሙ ታስቀምጥና አፏን ከፍታ በጣቷ ታሳያቸዋለች።

«እዩት፤ ይሄ ክፍተት ይታያችኋል? እዚያ የምትስቀዋ ሴት ጥርሷ ሙሉ ነው። እኔ አይደለሁም።»