ጳጉሜን ስድስትን የማያውቀው ስክሪፕት

ትናንት የደብራችንን ዊኪ አሁን የምትይዘው እህት መልእክት ላከችልኝ። «እህት ዓለም፣ ስክሪፕቱ የሙት ዓመት ገጹን ራሱ ሴቭ ያድርግ ወይስ እኛን ይጠይቅ?» ከመመለሴ በፊት የራሴ ታሪክ ትዝ አለኝ።

ዊኪ የምንለው ሁላችንም እየገባን የምናርመው ድረ ገጽ ነው። በወጣትነቴ፣ ዳውንታውን ዴንቨር አንድ ፓርኪንግ ውስጥ ስሠራ፣ ያን ገጽ የምይዘው እኔ ነበርኩ፤ ያረፉት ሰዎች ስም፣ የሙት ዓመታቸው፣ ከጎኑ የፈረንጁ ቀን። ኮምፒውተር የምትማረው ጓደኛዬ ሰላም ቀኑን የሚያሰላ ስክሪፕት፣ ማለትም ትንሽ የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ ጻፈችልኝ። እንዲያሰላ እንጂ እንዲያስቀምጥ አልፈቀድኩም፤ እያንዳንዱን አይቼ ሴቭ የማደርገው እኔ ነበርኩ።

«አንቺ እኮ ጠንቃቃ ሳትሆኚ ጠርጣራ ነሽ» አለችኝ በነሐሴ። «አንድ ቀን እንኳ ሲሳሳት አይተሻል?»

አፈርኩና ፈቀድኩ። ያን ዓመት ግን ጳጉሜን ስድስት ቀን ነበረች፤ ስክሪፕቱ የሚያውቀው አምስት ብቻ። እኔም እንቁጣጣሽን ሳከብር ገጹ ትዝ አላለኝም።

መስከረም ላይ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ሥራ ላይ እያለሁ እትዬ ዘነበች ደወሉ። የሥራ ባልደረባዬ ናቸው፤ ለባላቸው ለታደሰ ሙት ዓመት ፈቃድ ወስደው ነበር።

«ልጄ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ዝግ ነው። ታደሰን ረሱት እንዴ?»

ገጹን ከፈትኩ። የታደሰ ቀን፣ መስከረም ዐሥራ ሁለት፣ በዛሬው የፈረንጅ ቀን ተጽፏል፤ መስከረም ዐሥራ ሁለት ግን ገና ነገ ነው። ቄሱ የእኛን ገጽ አያዩም፤ ቀኑን ራሳቸው ስለሚቆጥሩ ለነገ ነበር የተዘጋጁት።

ከሥራ ስወጣ፣ እንደ ዴንቨር የመስከረም ልማድ፣ በየመንገዱ ዳር ቃሪያ በበርሜል ይጠበሳል፤ ሽታው እትዬ እስከሚኖሩበት አውሮራ ድረስ ተከተለኝ። የእትዬ ምድጃ ላይ ዶሮ ወጥ በሁለት ትልልቅ ድስት። ነገ ረቡዕ፣ ጾም!

«እትዬ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ሳላየው እንዲያስቀምጥ ፈቀድኩ።»

ድስቱን ከደኑ። «ነገ ሥራ ገቢ ነኝ። ቀኑን ሳላስበው ሊያልፍ ነው?»

«ነገ የእኔ እረፍት ነው። በእርስዎ ቦታ እኔ እገባለሁ፤ አለቃችንን አስፈቅጃለሁ።»

«አንቺስ፣ ቅዳሴው?»

«ይቅርብኝ።»

ትክ ብለው አዩኝና ሽንኩርትና ቢላዋ አቀበሉኝ። «በይ ክተፊ፣ ምስር እንሥራ። ዶሮው ሐሙስን ይጠብቅ። ታደሰም ቢሆን በዕድሜው አንድ ቀን ቀድሞ የትም ደርሶ አያውቅም!»

ሳቅሁ፤ እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ ሁለታችንም አለቀስን።

በማግስቱ ትኬት እየተቀበልኩ፣ በቅዳሴው የታደሰ ስም የሚጠራበትን ሰዓት በልቤ ገምቼ ተነሣሁና አቡነ ዘበሰማያት ደገምኩ። አንድ ሹፌር ክላክሱን አምባረቀብኝ። እስክጨርስ አልተቀመጥኩም።

ዊኪውን ለምትይዘው እህት እንዲህ ብዬ መለስኩ፦ «ሴቭ ያድርግ። ቀኑ ሲቃረብ ግን ሰው ይደውል፤ ቀኑንም ከቤተሰቡ ጋር አብሮ ይቁጠር። ከእያንዳንዱ ስም ጎን የሚደወልለትን ሰው እንጻፍ።»

እትዬ ዘነበች ካረፉ ሁለት ዓመት ሆናቸው። ልጅ አልነበራቸውም፤ ከስማቸው ጎን ያለው ቦታ ባዶ ነበር። የእኔን ቁጥር ጻፍኩበት።